«አምስት ኮርስ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ትምህርት ናቸው፤ የልጆች ሳይሆን የአዋቂዎች። ስልካቸው ላይ ኮርስ የሚከታተሉ ጽፈዋል፤ የማኅበረሰብ መማሪያ ማዕከል የሚያስተባብሩም አሉበት። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

«58 ዓመቴ ነው። የሒሳብ አያያዝ መማር አማረኝ። ልጆቼ ‹በዚህ ዕድሜሽ ምን ሊያደርግልሽ?› ይሉኛል። ጭንቅላቴስ ይቀበላል?»

ይቀበላል። ትንሽ ቀስ ይላል እንጂ። አዲስ ነገር የመያዝ ፍጥነት በዕድሜ እንደሚቀንስ አልክድዎትም። የቃላት ሀብትና በልምድ የተገኘ ዕውቀት ግን እስከ 60ዎቹ ድረስ ይዘልቃል። እርስዎ ደግሞ ዕድሜ ልክዎን ገቢና ወጪ ሲያመዛዝኑ የኖሩ ሰው ነዎት። አዲስ የሚሆንብዎት አመዘጋገቡ ነው።

የለንደን ታክሲ ነጂዎች ፈቃድ ለማግኘት የከተማዋን መንገዶች በሺዎች እየቆጠሩ በቃል መያዝ አለባቸው። በ2000 የታተመው የኤሊኖር ማጓየርና የባልደረቦቿ ጥናት እንዳሳየው፣ ለቦታ ትውስታ የሚያገለግለው የአንጎላቸው ክፍል የኋላው ጎኑ ከሌላው ሰው ሰፋ ይላል። ይህን ትምህርት የጀመሩት ካደጉ በኋላ ነው።

ኬንያዊው ኪማኒ ማሩጌ ደግሞ በ2004 አንደኛ ክፍል ሲገቡ 84 ዓመታቸው ነበር። ዩኒፎርም ለብሰው፣ ከልጆች መሀል ቁጭ ብለው ተማሩ። በዓመቱ ኒውዮርክ ተባበሩት መንግሥታት ድረስ ሄደው ስለ ነጻ ትምህርት ተናገሩ። ለልጆችዎ ይህን ይንገሯቸው። ካላመኑ ደግሞ ዝም ብለው ይመዝገቡ።

«አምስት ኦንላይን ኮርስ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። ሁልጊዜ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይሰለቸኛል። ሰነፍ ነኝ ማለት ነው?»

ሰነፍ ብትሆንም ብዙ ጓደኛ አለህ። በ2011 ሴባስቲያን ትረንና ፒተር ኖርቪግ የሚባሉ ሁለት ምሁራን በስታንፎርድ የሚያስተምሩትን የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርስ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። ወደ 160,000 ሰው ተመዘገበ። እስከ መጨረሻ የዘለቀው 23,000 ገደማ ነበር። ይህ እንኳን ጥሩ ቁጥር ነው። በዓመቱ ኮርሴራና ኤዴክስ የሚባሉ የኦንላይን ኮርስ ማቅረቢያ ድረ ገጾች መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ተመዝጋቢ አሥሩ እንኳ የማይጨርሳቸው ነጻ ኮርሶች ሞልተዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መግባት አያስከፍልም፣ መውጣትም አያሳፍርም። ክፍል ውስጥ ብትቀር «የት ጠፍተህ ነው?» የሚልህ ሰው አለ። ስክሪን አይጠይቅም። ቢጠይቅም በኢሜይል ነው፤ ያን ኢሜይል ደግሞ ማን ከፍቶት ያውቃል?

ስለዚህ የሚጎድልህ ቆራጥነት አይመስለኝም፤ የሚጎድልህ ሰው ነው። ያንኑ ኮርስ አብሮህ የሚወስድ አንድ ሰው ፈልግ። ቀንና ሰዓት ቁረጡ፤ ማክሰኞ ማታ ከሆነ ሁልጊዜ ማክሰኞ ማታ ይሁን። በአቅራቢያህ የመማሪያ ማዕከል ካለ አስተባባሪውን አነጋግር። «ይህን ኮርስ አብሮኝ የሚማር እፈልጋለሁ» የሚል ወረቀት በር ላይ ቢለጠፍልህ ሦስት አራት ሰው ይመጣል። ማዕከሉ አስተማሪ ባይኖረውም ችግር የለውም። አስተማሪው ቪዲዮው ውስጥ አለ። ከማዕከሉ የምትፈልገው ጠረጴዛ፣ የተቆረጠ ሰዓትና ስትቀር የሚደውልልህ ሰው ነው።

አብሮ ለመማርም ዘዴ አለው። ቪዲዮው 10 ደቂቃ ነው እንበል። ሁላችሁም እዩት። ዝጉት። ከዚያ እያንዳንዳችሁ ወረቀት አውጡና የሰማችሁትን ሳታዩ ጻፉ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚወጣችሁ፣ ያናድዳል። ከዚያ የጻፋችሁትን አስተያዩ፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ይዞታል። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የታገሉት በለጡ። ቪዲዮ ደጋግመን ስናይ የገባን ይመስለናል፤ ሳምንት ሲሞላው ነው ጉዱ የሚታወቀው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤክሴል ላይ አንድ ፎርሙላ ፈልጎ የገባ ሰው ፎርሙላውን ካገኘ ለእኔ ጨርሷል። ከአምስቱ ኮርሶችህ አንድ ሁለቱ እንደዚህ ይሆኑ ይሆናል።

«ሰርተፍኬቱ ሥራ ያስገኛል ወይ?»

ብቻውን ብዙም አያስገኝም። «ተሳትፏል» የሚል ወረቀትና ዕውቅና ካለው ተቋም የሚገኝ ማስረጃ የተለያዩ ናቸው። የርቀት ትምህርት ሆኖ ሙሉ ዲግሪ የሚሰጥም አለ፤ የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ይሰጣል። ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር አጣሪ፦ ማን ነው የሚፈርምበት? ፈተናው የአንቺ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው አለ? ልትቀጠሪበት የምታስቢው መሥሪያ ቤት ይቀበለዋል? ሦስተኛውን ራሳቸውን ደውለሽ ጠይቂ። ከወረቀቱ ጎን ደግሞ የሠራሽውን ነገር ይዘሽ ቅረቢ።

«ቪዲዮው ዳታዬን ጨረሰው።»

ጥራቱን ወደ 240 ወይም 144 አውርደው፤ መምህሩ ሲያወራ ፊቱን ጥርት አድርጎ ማየት ግዴታ አይደለም። ብዙ ኮርሶች የንግግሩን ጽሑፍ ከቪዲዮው ሥር ያስቀምጣሉ፣ እሱን አንብብ። የሳምንቱን ደግሞ ዋይፋይ ያለበት ማዕከል ሄደህ አንዴ አውርድ።

«የማኅበረሰብ መማሪያ ማዕከል ውስጥ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። በሥራ ሰዓት ሁሌም ክፍት ነን። ኮምፒውተር አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ ሰው የለም።»

መልሱ ጥያቄሽ ውስጥ አለ፣ እህቴ። በሥራ ሰዓት ሰው ሥራ ላይ ነው። ማታና ቅዳሜ ክፈቱ። ልጅ ይዛ ለምትመጣ እናትም አንድ ጥግ አዘጋጁ፤ ልጁ ሲያለቅስ ተነሥታ የሄደች ሴት ተመልሳ አትመጣም።

ቀጥሎ፣ ሰዉን ምን መማር እንደሚፈልግ ጠይቃችኋል? ወይስ ኮምፒውተር ስለተገኘ ብቻ «የኮምፒውተር ሥልጠና» አላችሁት? ጃፓኖች ከጦርነቱ ማግሥት፣ ከ1946 ጀምሮ፣ ኮሚንካን የሚባሉ የሠፈር መማሪያ ቤቶችን ማቋቋም ያዙ። በ1949 በሕግ ተደገፉ፣ ዛሬ ከ10,000 በላይ ናቸው። እዚያ ሰው ምግብ ሊሠራ፣ ሊዘፍን፣ ሊሰበሰብ ይመጣል፤ መማሩም አብሮ ይመጣል። እናንተም ጋ አንዱ ፎርም መሙላት ይፈልግ ይሆናል፣ ሌላዋ ውጭ ካለ ልጇ ጋር በቪዲዮ ማውራት። ከዚያ ጀምሩ።

ሦስተኛውን ጠበቅ አድርጌ ልናገር፣ በየቦታው የማየው ነውና። አንድ ትልቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ማውዝ ይዘዋል። ሁለቴ ጠቅ ማድረግ አቅቷቸዋል፤ በሁለቱ መሀል ማውዙ ይንሸራተትባቸዋል። ወጣቱ አስተባባሪ ትዕግሥቱ ያልቅና «ቆይ እኔ ላሳይዎት» ብሎ ከእጃቸው ይነጥቃል። ጠቅ ጠቅ። ተከፈተ። ሰውየው የተማሩት ነገር ቢኖር «ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም» የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ደንብ አውጡ፦ የአስተባባሪ እጅ የተማሪን ማውዝ አይነካም። ከጎን ተቀምጦ በአፍ ይምራ፣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም። የመጀመሪያው ምሽት ደግሞ በፓስወርድ ማለቁ አይቀርም። የማስታወሻ ደብተር ይዘው ይምጡ በሏቸው፤ እዚያው ይጻፉትና ቤታቸው ያስቀምጡት።

ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ኮሊብሪንና ኪዊክስን ተመልከቱ። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ኮሊብሪ ትምህርቶችን፣ ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፔዲያን የመሳሰሉትን አንዴ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት እንድትጠቀሙ ያስችላሉ።

«እናቴ ማንበብ አትችልም። ስማርት ስልክ ልግዛላትና በኦንላይን ትማር?»

ስልኩን ግዛላት። ትምህርቱን ግን ሰው ካለበት አስጀምራት። አብዛኛው ኦንላይን ኮርስ ማንበብ ለሚችል ሰው የተሠራ ነው፤ በዓለም ላይ ደግሞ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ከ700 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች አሉ፣ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ብራዚላዊው የትምህርት ሊቅ ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 አንጊኮስ በምትባል ከተማ በመራው ፕሮግራም፣ 300 ገደማ ሠራተኞች በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብና መጻፍ እንዲጀምሩ ተሞክሯል። የተነሡት ከራሳቸው ሥራና ኑሮ ቃላት ነበር። ለእናትህም እንደዚያው ነው። በስሟ፣ በልጆቿ ስም፣ በየቀኑ በምትጠራቸው ነገሮች ትጀምር። ቤት ውስጥ ልታግዛት ከፈለግክ፣ ስልኳ ላይ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ እያነበበች እንድትደውል አድርጋት፤ አንተ አትደውልላት። ሦስት ወር ያህል ማዕከል ከተመላለሰች በኋላ ጻፍልኝ፤ የትኛው የኦንላይን ትምህርት እንደሚሆናት ያኔ እናወራለን።