መልስ፦ ስድስት ሳምንት የሞላው ሕፃን ቢጫነት

ውድ እህቴ፣ ልጅዎ በስድስተኛ ሳምንቱም ዓይኑ ቢጫ እንደሆነና ዓይነ ምድሩ እንደ ኖራ እንደነጣ ገልጸው፣ ፀሐይ ማሞቁን ልቀጥል ወይ ብለው ጠይቀዋል። እባክዎ ፀሐዩን ትተው ዛሬውኑ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ይህ ምልክት ቢሊያሪ አትሬዥያ በሚባለው፣ ከጉበት ወደ አንጀት ሐሞት የሚያወርደው ቱቦ በሚዘጋበትና እምብዛም በማያጋጥም ሕመም ይታያል፤ ለዓይነ ምድር ቀለም የሚሰጠው ሐሞት ስለሆነ፣ መውረዱ ሲቋረጥ ዓይነ ምድሩ ይነጣል፣ ሽንቱም ይጠቁራል። በደም ምርመራው ጠቅላላው ቢሊሩቢን (ቢጫነቱን የሚያመጣው ንጥረ ነገር) ብቻ ሳይሆን፣ ሐሞት መውረድ ሲያቅተው የሚጨምረው ዳይሬክት ቢሊሩቢን ተለይቶ እንዲመረመር አጥብቀው ይጠይቁ። ጃፓናዊው ሐኪም ሞሪዮ ካሳይ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት፣ አንጀትን በቀጥታ ከጉበት ጋር የሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ሕፃኑ 60 ቀን ሳይሞላው ሲደረግ ነው። ጡት በደንብ መጥባቱ አያዘናጋዎት፤ እነዚህ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጤነኛ ይመስላሉ። የነጣውን ዓይነ ምድር ከነዳይፐሩ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ በዓይኑ ይየው።