«ምን ጎደለሽ?» ለሚል ባል ምን ይመለሳል?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። አንዷ መሳል አማራት። አንዱ መሳል ምን ይሠራል አለ። የሌላው ልጅ ደግሞ መሳል አቆመች። ጡረታ ለወጣ የሥዕል መምህር ከዚህ የተሻለ ወር ከየት ይመጣል? በየተራ እንሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ጥሩ ነው፣ ባለቤቴ መልካም ሰው ነው፣ ልጆቼም ጤነኞች ናቸው። ግን ውስጤ ደርቋል። ተማሪ ሳለሁ የደብተሬ ጠርዝ ሁሉ በሥዕል የተሞላ ነበር። ዛሬ እጄ የሚያውቀው የካልኩሌተር ቁልፍ ብቻ ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ እንቅልፍ እስኪጥለኝ ስልኬ ላይ አፈጣለሁ። ጠዋት ምን እንዳየሁ አላስታውስም። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «ምን ጎደለሽ?» አለኝ። እኔም መልስ አጣሁ። የሚበላ ያጣ ስንት ሰው እያለ ሥዕል አማረኝ ማለት ነውር መሰለኝ። ቅንጦት ነው እንዴ?
ሒሳብ ሠራተኛዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ነውር አይደለም። ባለቤትሽንም አትቀየሚው፤ የጠየቀሽ ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ነው። የሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ አንድ ፒራሚድ ተቀምጧል። ከታች ምግብና መጠለያ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ፈጠራና የመሳሰሉት። ታችኛው ሳይሞላ ላይኛው አይታሰብም ይባላል። የሐሳቡ ምንጭ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አብርሃም ማስሎው በ1943 ያወጣው ጽሑፍ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል ነገር የለም፤ የሳሉት ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ማስሎው እዚያው ጽሑፍ ላይ ቅደም ተከተሉ ያን ያህል ድርቅ ያለ አይደለም ይላል። መሠረታዊ ፍላጎታቸው ሳይሟላ እንኳ መፍጠር የሚበረታባቸው ሰዎች እንዳሉም ጽፏል። ይህን አንቀጽ ግን ፖስተር ላይ የሚለጥፈው የለም።

በ2008 ደቡብ ጀርመን ውስጥ ሆለ ፌልስ ከተባለ ዋሻ አንድ ዋሽንት ተቆፍሮ ወጣ። የተሠራው ከጥንብ አንሳ የክንፍ አጥንት ነው። አምስት ቀዳዳ አለው። ዕድሜው ከ35,000 ዓመት በላይ ነው። ዘመኑ የበረዶ ዘመን ነው። ያን አጥንት የበሳው ሰው ነገ ምን እንደሚበላ በምን ያውቃል? የሚገፍፈው ቆዳ ነበር፣ የሚያነደው እንጨት ነበር። ግን ተቀምጦ ቀዳዳ በሳ። ቀዳዳዎቹን ደግሞ በዘፈቀደ አልበሳቸውም፤ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ምልክት አድርጎበታል። እኔም በጡረታዬ ዋሽንት ጀምሬያለሁ። ስነፋ ጎረቤቴ መስኮቱን ይዘጋል። ስለዚህ ያ ሰው ዋሻ ውስጥ ከነበሩት ዘመዶቹ ምን እንደሰማ መገመት አያቅተኝም።

ሌላ ምሳሌ ልስጥሽ፤ ይህኛው ከበድ ይላል። ናዚዎች አይሁዶችን ካጎሩባቸው ቦታዎች አንዱ ቴሬዚን ነበር፤ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ነው። እዚያ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የተባለች ሠዓሊ ለታጎሩት ልጆች ሥዕል ታስተምር ነበር። ወረቀት ስለሌለ በተጻፈበት የቢሮ ወረቀት ጀርባ ይስሉ ነበር። ልጆቹ ሥዕላቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርጋቸዋለች። ለሌሎቹ እነዚያ ልጆች የስም ዝርዝር ላይ ያለ ቁጥር ነበሩ፤ እሷ ጋ ግን ስም ነበራቸው። በጥቅምት 1944 ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳ ተገደለች። ከመሄዷ በፊት ወደ 4,500 የሚጠጉ ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ተደብቀው ቀርተው ነበር። ከልጆቹ አብዛኞቹ አልተረፉም። ሥዕሎቹ ግን ዛሬ በፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ። ይህቺ ሴት ለልጆቹ ዳቦ መጨመር አትችልም ነበር። የምትችለውን ሰጠቻቸው።

ይህን ስልሽ የራበው ሰው ሥዕል ይብቃው ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠመሽ ራቂው፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ጠግቦ የበላ ነው። ማለት የፈለግኩት ሌላ ነው። ሰው ችግር ውስጥ ሆኖም የሚፈልገውን ነገር አንቺ ስለተመቸሽ ብቻ ልታፍሪበት አይገባም።

አሁን ወደ ስልክሽ። ስልኩን አልረግመውም፤ እኔም ቼዝ እጫወትበታለሁ። ግን ማታ ማታ ስንት የሚያምር ነገር እያየሽ ለምን አልጠገብሽም? ሌላው የሠራውን ማየት አንድ ነገር ነው፣ በገዛ እጅ መሥራት ሌላ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሞላም። በ2016 በአሜሪካ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች 39 ጎልማሶችን ሰብስበው ለ45 ደቂቃ በሸክላ፣ በማርከርና በተቆራረጠ ወረቀት የፈለጉትን እንዲሠሩ አደረጉ። በፊትና በኋላ ምራቃቸውን ወስደው ኮርቲዞል የሚባለውን የውጥረት ሆርሞን ለኩ። ከአራት ሰው በሦስቱ ላይ ቀነሰ። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ከዚህ በፊት ሥዕል ሞክሮ የሚያውቀውና የማያውቀው ብዙም አልተለያዩም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ማወዳደሪያ ቡድንም አልነበረውም። ስለዚህ አልምልበትም። ማታ አስተምርበት ወደነበረው ክፍል ሲገቡ ትከሻቸው ጆሯቸው ላይ ወጥቶ፣ ሲወጡ ወርዶ የማያቸው ሰዎች ግን ነበሩ።

እንግዲህ ሥራ ልስጥሽ። መስመር የሌለው ርካሽ ደብተር ግዢ። ውድ አትግዢ፤ ውድ ወረቀት ያስፈራል፣ ሰው ሊያበላሸው አይደፍርም። እርሳስ አይሁን፣ እስክሪብቶ ይሁን። ለአዋቂዎች ሳስተምር መጀመሪያ የምሰበስበው ላጲስ ነበር። አዋቂ ሰው ከመሳሉ በፊት ማጥፋት ይጀምራል። ልጆቹ ሲተኙ፣ ስልኩን ከመንካትሽ በፊት፣ የማትጽፊበትን እጅሽን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና እሱን ሳዪ። ዓይንሽ እጅሽ ላይ ይሁን፤ ወረቀቱን አትዪ። ዓይንሽ በጣትሽ ጠርዝ ላይ በቀስታ ሲሄድ እስክሪብቶሽም አብሮ ይሂድ። የሚወጣው ነገር ያስቃል። ስድስት ጣት ሊኖረው ይችላል። ምንም አይደል። ይህ መልመጃ የሚያሠለጥነው እጅን ሳይሆን ዓይንን ነው። ሰው መሳል የሚያቅተው ብዙ ጊዜ ስለማያይ ነው፤ «እጅ እንዲህ ነው» ብሎ የሚያውቀውን ይስላል እንጂ ፊቱ ያለውን አይስልም።

ለጊዜው ለማንም አታሳዪ። ፎቶ አንስተሽም አትልቀቂ። አንቺ ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ፤ ላይክ መቁጠር ከጀመርሽ ተመልሰሽ ቢሮ ገባሽ ማለት ነው።

ሥራሽንም አትልቀቂ። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሩሶ ፓሪስ ውስጥ ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር። ቢሮ እየዋለ በትርፍ ጊዜው ይስል ነበር፤ ሥራውን የተወው በ1893፣ በ49 ዓመቱ ነው። በጫካ ሥዕሎቹ የታወቀው ይህ ሰው ከፈረንሳይ ወጥቶ አያውቅም። ጫካውን ያገኘው በፓሪስ የዕፅዋት ማሳያና በሥዕላዊ መጽሐፎች ነው። ይህን የማነሳው አንቺም ዝነኛ ትሆኛለሽ ለማለት አይደለም። በሕይወቱ ብዙ ሰው ስቆበታል።

አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በይ። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መጥላቱ፣ በምንም ነገር ደስ አለመሰኘቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ይልቁንም መኖር ካስጠላሽ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሥዕል የሐኪም ምትክ አይደለም።

ባለቤትሽ ደግሞ ዳግመኛ «ምን ጎደለሽ?» ሲልሽ «አሥራ አምስት ደቂቃ» በይው። ልጆቹን ያስተኛ።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው። ሥዕል መማር ፈልጌ ነበር። ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰከንድ ውስጥ እኔ በአሥር ዓመት የማልደርስበትን ይሠራል። ለምን ልልፋ? በግልጽ ንገሩኝ፣ አታባብሉኝ።
ተስፋ የቆረጠው

መልስ፦ ልጄ፣ አላባብልህም። እንጀራዬን በሥዕል እበላለሁ ብለህ ከሆነ ስጋትህ እውነተኛ ነው። ተራ ተራ የሥዕል ትዕዛዞች ለማሽኑ እየሄዱ ነው። ስለዚህ ሌላ ሙያም ያዝ።

ፍላጎትህ ሥዕሉ እንዲኖርህ ብቻ ከሆነም ማሽኑን ተጠቀም፤ ማንም አይፈርድብህም። ግን እስቲ አንድ ነገር ሞክርልኝ። ብስክሌት ሳታይ፣ ከጭንቅላትህ ብቻ ብስክሌት ሳል። ስንት ሺህ ጊዜ አይተሃል! ሰንሰለቱ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል? ፔዳሉ የት ነው የተያያዘው? አብዛኛው ሰው የሚስለው ብስክሌት ሊነዳ የማይችል ነው። ሰንሰለቱን ከፊት ጎማው ጋር አገናኝቶት ያርፋል፤ መሪው በፍጹም አይዞርም። አሁን ውጣና እውነተኛ ብስክሌት ፊት ቁጭ ብለህ ሳል። ከዚያ በኋላ በመንገድ የሚያልፍ ብስክሌት ሁሉ ለአንተ ሌላ ይሆናል። ማሽኑ ያማረ ብስክሌት ይሰጥሃል። አንተ ግን ብስክሌቱን እንደማታውቀው ትቀራለህ።

ፍርሃቱም አዲስ አይደለም። በ1906 ጆን ፊሊፕ ሱዛ የተባለው አሜሪካዊ የማርሽ ሙዚቃ አቀናባሪ ግራሞፎንን አምርሮ ነቀፈ። ሸክላ እያለ ማን በቤቱ ይዘፍናል፣ ማን መሣሪያ ይማራል አለ። (ለሸክላው ክፍያ ስለማያገኝም ተንገብግቦ ነበር፤ ይሁን።) እኔ ሳስበው ግማሹን ልክ ነበር። ሙዚቃ አልሞተም፣ እንዲያውም በዛ። ግን ሰው ተሰብስቦ ሲዘፍን «እኔ ድምፅ የለኝም» ብሎ አፉን የሚዘጋው በዛ። ልዩ ድምፅ ሳይኖረን መዝፈን ድሮ አያሳፍረንም ነበር። አሁን ማወዳደሪያችን በጆሯችን ላይ የተሰካው ምርጥ ዘፋኝ ሆነ። አንተም እያደረግህ ያለኸው እሱኑ ነው፤ ገና እስክሪብቶ ሳታነሳ ከማሽን ጋር ተወዳደርክ።

ጥያቄ፦ 11 ዓመት የሆናት ልጄ ቀኑን ሙሉ ስትስል ትውል ነበር። አሁን ጀምራ «አያምርም» ብላ ወረቀቱን ትቀዳድዳለች። «በጣም ያምራል» ስላት ትናደዳለች። ተሰጥኦዋ ጠፋ እንዴ?
አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልጠፋም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ባለው ዕድሜ ብዙ ልጆች ላይ የሚደርስ ነው። በዚህ ጊዜ ልጅ ሥዕሉ እውነተኛውን ነገር እንዲመስልለት ይፈልጋል። ዓይኗ ከእጇ ቀድሞ አደገ። ስሕተቱ ይታያታል፣ ማረሚያውን ግን አታውቅም። ብዙዎቻችን መሳል ያቆምነው እዚህ ላይ ነው። ለዚህም ይመስለኛል የአዋቂ ሰው ሥዕል የአሥር ዓመት ልጅ ሥዕል የሚመስለው።

«በጣም ያምራል» ስትላት የምትናደደው እንደማታየው ስለገባት ነው። ይልቅ «የትኛው ቦታ አስቸገረሽ?» በላት። «አፍንጫው» ካለችህ መልሱ ምስጋና ሳይሆን ዘዴ ነው። የአንድ ሰው ፎቶ ዘቅዝቃችሁ አስቀምጡና እንደተዘቀዘቀ ገልብጡት። ሲዘቀዘቅ አፍንጫ አፍንጫነቱን ይረሳና መስመርና ጥላ ብቻ ይሆናል። ሥዕሉን መልሳ ስታቃናው ብዙ ጊዜ ራሷ ትደነግጣለች። አንተም አጠገቧ ቁጭ ብለህ ሳል። የአንተ ከእሷ የከፋ ቢሆን እሰየው። ውድድር ላይ ግን አሁን አታስገባት፤ ለመምህራኖቿም ሆነ ለዘመዶች «ሠዓሊዋ ልጄ» እያልክ አታስተዋውቃት።

ጥያቄ፦ 71 ዓመቴ ነው። ግጥም መጻፍ ብጀምር ይስቁብኛል?
አያት

መልስ፦ እማማ፣ ይስቁ። አሜሪካዊቷ አና ሜሪ ሮበርትሰን ሞዝስ ጥልፍ ጠላፊ ነበሩ። የመገጣጠሚያ ሕመም መርፌውን ሲያስጥላቸው ብሩሽ ያዙ፤ ሰባዎቹን እየጨረሱ ነበር። በ1961 በ101 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ሳሉ። እርስዎ ገና ልጅ ነዎት።

አንድ ምክር ብቻ፦ ቤት ለመምታት ሲሉ ያላሰቡትን አይበሉ። ቃሉ ቤት አልመታ ካለ ስንኙን ያፍርሱት እንጂ ሐሳብዎን አይሽጡ። «አበባ»ን ከ«ገባ» ጋር ደግሞ አያጋቡብኝ፤ ስንት ጊዜ ተጋቡ። ጥቂት ሲጠራቀም ይላኩልኝ። እዚህ ዓምድ ላይ አላወጣውም፣ ግን አነባለሁ፤ የማይጥመኝንም እነግርዎታለሁ።