ቡፌሽን አናጺ ጋ ከመውሰድሽ በፊት ይህን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልጅሽ የዋንዛ ቡፌሽን በፐርማነንት ማርከር ሞነጫጭሮብሻል። አንዷ በረኪና አድርጊበት ብላሻለች፣ ሌላዋ አናጺ ጋ ውሰጂው። ኧረ በፈጠረሽ! እኔም እዚሁ ሐዋሳ ነኝ፣ የእኔም ቡፌ ዋንዛ ነው፣ የሞነጨረውም የእህቴ ልጅ ነው። ስለዚህ ነገሩን እስከ ጥጉ አውቀዋለሁ።

1. በረኪናውን እርሺው። ማርከሩን አያነሳውም። እንጨቱን ግን ያነጣዋል።

2. ማርከሩን ከመንካትሽ በፊት ቡፌው በምን እንደተቀባ እወቂ። የቆየ ዕቃ ከሆነ ጎማላካ (ከሙጫ የሚሠራው የድሮ የእንጨት ማብሪያ) ሊሆን ይችላል። ጎማላካ የሚበጠበጠው በአልኮል ነው፣ ስለዚህ ከደረቀም በኋላ አልኮል ሲያገኘው መልሶ ይሟሟል። ደህና ቫርኒሽ ግን ለአልኮል ቶሎ እጅ አይሰጥም። መለየቱ ቀላል ነው። ከበሩ በውስጥ በኩል፣ የተቀባ ግን እንግዳ የማያየው ቦታ ፈልጊ። ጥጥ በአልኮል አርጥቢና ነካ አድርጊው። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ወይም ቦታው ጣትሽን ያዝ ካደረገ ጎማላካ ነውና አልኮሉ ይቅርብሽ። ጥጡ እንደነጣ ከቀረ ቀጥይ።

3. አናጺ ጋ የግድ ከሄድሽ፣ በምን እንደሚጠርገው ሳትጠይቂ እንዳታስነኪ። እዚህ ላይ ነው እኔ የተቃጠልኩት። ቡፌው የእናቴ ነው። በጋሪ አስጭኜ፣ በመንገድ ላይ እንዳይጫር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ሰውዬው በምን ተቀባ፣ መቼ ተሠራ አላለኝም። ጨርቅ ዲሉየንት (የቀለም ማቅጠኛ) ውስጥ ነክሮ አንድ ጊዜ ላፍ አደረገው። ማርከሩ ለቀቀ። አብሮት ቀለሙም ለቀቀ። ጨርቁ ላይ ማር የመሰለ ነገር ሲንጠባጠብ በዓይኔ አየሁ። በሩ ላይ የሰፌድ ያህል የገረጣ ክብ ቀረ።

ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ፣ «እመቤት፣ ይሄ እኮ ድሮም አርጅቷል፣ ሙሉ ለሙሉ ይቀባ» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ራሴን ያዝኩ። ልመልሰው ብል በሩ ተበላሽቷል፣ ልተወው ብል ገንዘቡ። በስንት ጭቅጭቅ ተስማማን። ከዚያ «ነገ ብቅ በይ» ተጀመረ። ነገ ብቅ ስል ሰውዬው የለም። በሌላ ቀን ስመጣ ቡፌዬ በረንዳ ላይ ቆሞ ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ደርድረውበታል! በመጨረሻ ሲያስረክበኝ ድፍን ቡና ዓይነት ቀለም ደፍቶበት፣ ያ የሚያምረው የዋንዛው መስመር ድራሹ ጠፍቷል። እናቴ ስታየው «ይሄ የማን ነው?» አለች። ደረሰኝ ብጠይቀው ደግሞ ሳቀብኝ። ብቻ ተይው።

4. አሁን ወደ ሥራው። ሙከራው ካለፈ፣ ከመድኃኒት ቤት 70 ፐርሰንት አልኮል ግዢ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር ካለሽም ይሠራል። እንዲያውም ወፈር ያለው ዓይነት ስለማይፈስ ለቆመ በር ይሻላል። ማርከሩ ሲሠራም በአልኮል መሰል ፈሳሽ የተበጠበጠ ቀለምና ሙጫ ነው፣ ለዚህ ነው በውኃ የማይበገረው። ጥጡን ጨመቅ አድርጊው፣ መንጠባጠብ የለበትም። የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ ከጭረቱ ጫፍ ወደ መሃል ጥረጊ። እያዞርሽ ካሸሽው ግን አለቀልሽ፣ ጥቁሩ ወደ ሐምራዊ ደመና ይቀየርና ይሰፋል። ጥጡ ቀለም በያዘ ቁጥር ጣይውና ሌላ ያዢ። ሲለቅ በእርጥብ ጨርቅ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ። መስኮት ክፈቺ። ደግሞ ቡና እያፈላሽ እንዳትሞክሪው፣ አልኮልና የከሰል ፍም አይተዋወቁም።

5. ጎማላካ ከሆነስ? ነጭ የጥርስ ሳሙና። ጄል የሚመስለውን አይደለም፣ ድፍን ነጩን። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ጥቂት አድርጊና የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ በቀስታ እሺው። ትዕግሥት ይፈልጋል። የሚሠራው ቀለሙን በማሟሟት ሳይሆን ላዩን በስሱ በመፋቅ ነው፣ ስለዚህ ቦታው ትንሽ ሊደበዝዝ ይችላል። የዕቃ ሰም ስትቀቢው ይመለሳል።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚልሽ ይመጣል፣ እየጠበቅኩት ነው። ውስጡ ያለው አሴቶን ከዲሉየንቱ አይለይም፣ ቀለሙን ይዞት ነው የሚሄደው።

የብርጭቆ ወረቀትም አትቸኩዪበት። ያልተቀባ እንጨት ላይ፣ ለምሳሌ መሳቢያው ውስጥ ከሆነ፣ ማርከሩ ስለሚሰርግ ከመፋቅ ሌላ መላ የለውም። ድፍን ዋንዛ ከሆነ ይችለዋል። የጎኑ ልባስ ኮምፔርሳቶ ከሆነ ግን የላይኛው ሽፋን ስስ ነው፣ ትንሽ ስትፍቂው ሌላ እንጨት ብቅ ይልብሻል።

ያ ልጅ (አሁንም እወደዋለሁ) በኋላ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ስሙን በትልልቁ ጻፈ። ስሙን ስለቻለበት ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ጠረጴዛው ቫርኒሽ ነው። በሳኒታይዘርና በጥጥ ብቻ፣ ሬዲዮ እየሰማሁ አነሳሁት። አሁን ብትመጪ የት እንደነበር አታገኚውም። ጎረቤቶቼ ማርከር ሲያጋጥማቸው አናጺ ጋ አይሄዱም፣ እኔ ጋ ነው የሚመጡት።

ቅድሚያ የበሩን ውስጥ ሞክሪና ጥጡን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ። ምን ዓይነት እንደሆነ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ማንም አይንካው፣ ሠራተኛሽንም ንገሪያት።