ተፈውሻለሁ ካልኩ በኋላ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ስለ ባሌ እህት ነው። ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ክፉ ያስመስላታልና።

የእጄና የእግሬ መገጣጠሚያዎች ከታመሙ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሞች የመገጣጠሚያ ብግነት ነው ብለውኛል። ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉልኝም፤ የልብሴን ቁልፍ ለመቆለፍ እስኪፍታቱ ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ይህን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት የእርሷን አፍ ነው። ገና ከበር ስትገባ ፊቴን ትመረምራለች። ከጠቆርኩ «ጠላት ደስታሽን እንዳይሰርቅሽ» ትለኛለች። ካነከስኩ «በአፍሽ አትቀበዪው» ትላለች፤ እኔ እኮ አንድም ቃል አልተናገርኩም። በቅርቡ ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ሲሰበር፣ ስብርባሪውን እየጠረገችልኝ «በልብሽ የያዝሽው ቂም ካለ እስቲ መርምሪ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ቂሙን የያዝኩት ያን ጊዜ ነው።

ለባሌ ስነግረው «ስለምትወድሽ ነው» ይላል። እርሱ በእኔና በእርሷ መካከል ሰላም እንጂ ሌላ አይፈልግም።

የጸሎት ቡድናችንን የምትመራው እርሷ ናት። አንድ ሰሞን ሁሉም ተሰብስበው ሲጸልዩልኝ ሕመሙ ቀለለኝ፤ ጣቶቼም ታጠፉ። እርሷ አስነስታኝ በሰው ሁሉ ፊት ተፈውሻለሁ ብዬ መሰከርኩ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰብኝ። እርሷ ግን አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር «እህታችንን እዩአት!» እያለች ወደ እኔ ታመለክታለች። እኔም እጆቼን ልብሴ ውስጥ ደብቄ ፈገግ እላለሁ። በሳምንት አንድ ቀን የምወስደውን ክኒንም እርሷ እኛ ቤት ካደረች አላወጣውም፤ አንዳንዴ ሳምንቱ ያልፈኛል። ይህ እንኳን ትንሹ ነገር ነው። የሚያቃጥለኝ ንግግሯ ነው። ተቆጥቻት አውቃለሁ፣ ለምኛታለሁ፣ ዝም ብያታለሁ። ቤተሰብ ሳይበጠበጥ ምን ብዬ አፏን ላዘጋት?

አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ሌሊት ሕመሙ ሲቀሰቅሰኝ እጸልይ ነበር። አሁን ጣሪያውን አያለሁ። በቡድኑ መካከል ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ውስጤ ግን ባዶ ነው። የተቆጣሁ እንኳን አይመስለኝም፤ ደክሞኛል። ጸሎት ማቆም ኃጢአት ነው? ወይስ እርሱ ቀድሞ ትቶኛል?

ጣቶቼ እንቢ ያሉኝ

---

እህቴ፣

የባልሽን እህት አፍ የሚያዘጋ ቃል የለኝም። ቢኖረኝም አልሰጥሽም፤ እርሷ ነገውኑ ዝም ብትል አንቺ ሌሊት ጣሪያ ማየትሽን አትተዪም።

እኔን ያስቆመኝ በመሐል ጣል አድርገሽው ያለፍሽው ነው። ተፈውሻለሁ ብለሽ መስክረሻል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማን ጸልዮልሻል? ማንም። ለዳነ ሰው ማን ይጸልያል? ሰዎቹ ባንቺ ያመሰግናሉ እንጂ ላንቺ አይለምኑም፤ አንቺም በእነርሱ መካከል ቆመሽ እጅሽን ትደብቂያለሽ። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት፣ ሕመምሽን የሚያውቅ ሰው ከጎንሽ እንዴት እንደጠፋ አስቢ።

ዋሽተሻል አልልሽም። የዚያን ሰሞን ጣቶችሽ ታጥፈዋል። ይህ ሕመም የሚግልበትና የሚበርድበት ጊዜ አለው፤ ሲበርድ ያለቀ ይመስላል። በዚያ ላይ ሰው ከቦሽ እያለቀሰ ሲጸልይልሽ የሚገኘው መጽናናት እውነተኛ ነው። ያን እግዚአብሔር ሰጠኝ ብትዪ እኔም አሜን እላለሁ። የበደሉሽ ያን መልካም ሰሞን የዕድሜ ልክ ውል አድርገው ስላስፈረሙሽ ነው።

«ትንሹ ነገር» ባልሽው ክኒን ግን ተቆጥቻለሁ። ያንቺ ዓይነቱ የመገጣጠሚያ ብግነት ስቃይ ብቻ አይደለም። የገዛ ሰውነትሽ መከላከያ በመገጣጠሚያሽ ላይ ተነስቶ ልስልሱን አጥንት ይበላዋል፤ የተበላው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። በሳምንት አንዴ የሚወሰደው መድኃኒት የተሰጠሽ ይህን ጥፋት እንዲገታልሽ ነው። ውጤቱ የሚታየው ሳይቋረጥ ለሳምንታት ሲወሰድ ስለሆነ፣ እየዘለልሽ ወስደሽ «ምንም አልረዳኝም» ብትዪ በመድኃኒቱ አትፍረጂ። ያመለጠሽን ለማካካስ ብለሽም ደርበሽ እንዳትውጪ፤ አደገኛ ነው። የእንግዳ ዓይን ፈርተሽ እጅሽን ልታጪ ነው? አስቢው እንጂ፣ እህቴ!

መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ነው የሚል ሰው ካለ መጽሐፍ ቅዱሱን ይክፈት። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አልቅሶ ጸለየ። እግዚአብሔር ሰማው፤ በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ከዚያው ጋር የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ሕመሙ ብዛት ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መከረው፤ ቂምህን መርምር አላለውም። ጥሮፊሞስን ደግሞ እንደታመመ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። ከገላው የተወሰደ ጨርቅ እንኳን ድውያንን ይፈውስ የነበረው ያው ጳውሎስ ነው። የራሱ ሥጋ መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። የባልሽ እህት ይህን ሰው በር ላይ ብታገኘው ምን ትለው ይሆን?

ለእርሷ ከእኔ ይልቅ የኢዮብ ወዳጆች ይሻሏታል። 7 ቀንና 7 ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ሰዎች ነበሩ። ነገሩን ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻም የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በእነርሱ ላይ ነው፤ ያን ሁሉ ሲያማርር በኖረው በኢዮብ ላይ አይደለም።

አሁን መጨረሻ ላይ ወደ ሸሸግሽው ልምጣ። ጸሎት ማቆም ኃጢአት ነው ወይ ብለሽኛል። ታሞ የጤነኛ ጸሎት መጸለይ ማንንም ያደክማል። ሌሊቱን ሙሉ እያመመሽ፣ ቀን ተሰብስበሽ ምስጋና ብቻ ተናገሪ ስትባዪ ውስጥሽ ዝም ቢል አይገርመኝም፤ በበኩሌ ከእነዚያ ቃላት ይልቅ ዝምታሽን አምነዋለሁ። መዝሙር 88ን አንብቢው። ቀንም ሌሊትም ወደ አንተ ጮኽሁ ይላል፤ ፊትህን ለምን ትሰውርብኛለህ ይላል፤ እንደ ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙራት ወደ ተስፋ ሳይዞር እዚያው ጨለማው ውስጥ ያበቃል። መዝሙራቱን የሰበሰቡ አባቶች መጨረሻውን አላሳመሩትም፤ እንዳለ አስቀመጡት፤ ምእመናንም ትውልድ ከትውልድ ጸለዩበት። እርሱም ከረዘመብሽ መዝሙር 13 የሚጀምርበት «እስከ መቼ?» ለአንድ ሌሊት ይበቃል።

ትቶኛል ወይ ያልሽውን ጥያቄ ኢየሱስም በመስቀል ላይ ጠይቆታል። የጠየቀው ግን አባቱን ነው። አንቺ ለእኔ ነው የጻፍሽው። አድራሻውን ቀይሪና ለራሱ በዪው፤ በእነዚያው ቃላት፣ ሳታለሳልሺ። እኔ ትቶሻል ብዬ አላምንም። በማስረጃ የማሳይሽ ነገር አይደለም፤ የምኖርበት እምነቴ ነው።

ይህም እንኳን ካቃተሽ ለሌላ ሰው ስጪው። በማርቆስ ወንጌል አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው፣ ጣሪያ ቀድደው ወደ ኢየሱስ ያወረዱትን ታስታውሻለሽ። ሰውየው አንዲት ቃል ተናገረ የሚል አልተጻፈም። ኢየሱስ ያየው የተሸካሚዎቹን እምነት ነው። እነርሱ ግን ሽባ መሆኑን ያውቁ ነበር! ያንቺዎቹ የሚያውቁት ቆማ ፈገግ የምትለዋን ሴት ነው። ማን ይሸከማታል?

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለባልሽ እጆችሽን አሳዪው። ጠዋት ስንት ሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ እንደምትቀመጪ ንገሪው፤ ሰላም ወዳድ ነኝ ካለ ሰላሙን ከዚህ ይጀምር። ቀጥሎ ለእህቱ ብቻዋን ንገሪያት፤ በጉባኤ ማሳፈር አይገባም። ትደነግጣለች። አንቺ ካልዳንሽ የጸለየችው ጸሎት ምን ሆነ ብላ ትፈራለች፤ ንግግሯ ሁሉ ከዚሁ ፍርሃት የመጣ ይመስለኛል። ያ የእርሷ ጥያቄ ነው፤ ይዛው ወደ እግዚአብሔር ትሂድ እንጂ አንቺ አትሸከሚላት። ከዚያ ቡድኑ ሲሰበሰብ «ሕመሙ ተመልሷል፤ ዛሬም ጸልዩልኝ» በዪ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አትጨምሪ፤ ይቅርታም አትጠይቂ። እንደገና የሚጸልዩልሽ ከሆነ ቡድንሽ ናቸው። ፊታቸውን ካጠቆሩ ደግሞ ሁለት የሚሸከሙሽ ሰዎች ፈልጊ፤ አራት ባይሞሉም ግድ የለም።

ሐኪምሽ ዘንድ ስትሄጂ ያልወሰድሽባቸውን ሳምንታት አትደብቂው፤ መድኃኒቱ እምቢ አለ ብሎ ወደ ሌላ እንዳይቀይርብሽ። ውስጤ ባዶ ነው ያልሽውንም ንገሪው። የቆየ ሕመም ድብርት ያመጣል፤ ለእርሱም ሕክምና አለው።