የቡፌው ወርቃማ ብርጭቆ ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ከባቲ፣ ከወልድያ፣ ከሐይቅና ከኮምቦልቻ ስለ ካርኒቫል ብርጭቆ ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልስ ይኸውና። ለነገሩ አዲስ ለሆናችሁ፦ ካርኒቫል የምንለው በብረት ቅርጽ ማውጫ ተጭኖ ከተሠራ በኋላ ገና ትኩስ ሳለ የብረታ ብረት ጨው (የኬሚካል ውህድ) የተረጨበት መስታወት ነው። ጨው በላዩ ስስ ሽፋን ስለሚተው ዕቃውን ባዞሩት ቁጥር፣ ውሃ ላይ እንደ ፈሰሰ ቤንዚን፣ ቀለሙ ይለዋወጣል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጋሼ፣ ከአያቴ የወረስኩት ጠርዙ የተጨማደደ ብርቱካናማ ሳህን አለኝ። በቤታችን «ጣሊያን ትቶት የሄደ ነው» ይባላል። እውነት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጣሊያናዊ ይዞት መጥቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያመጣው ሌላ፣ የሠራው ሌላ ነው። ጣሊያን በካርኒቫል ሥራ ስሟ የሚነሳ አገር አይደለችም። ሥራው በእ.ኤ.አ. 1907 ገደማ በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በፌንተን ፋብሪካ ተጀመረ። ኖርዝውድ፣ ኢምፔሪያል፣ ዱጋንና ሚለርስበርግ የተባሉት የአሜሪካ ፋብሪካዎች ተከተሉ። በእ.ኤ.አ. 1920ዎቹና 1930ዎቹ ደግሞ የስዊድኑ ኤዳ፣ የፊንላንዱ ሪሂማኪ፣ የጀርመኑ ብሮክዊትዝና የእንግሊዙ ሶወርቢ ሠርተውታል። ስለዚህ የአያትሽን ታሪክ ማን እንደነገረሽ ጨምረሽ በአንድ ወረቀት ጻፊው፤ አይጥፋ። መስታወቱ ራሱ የሚናገረውን ግን በሌላ ወረቀት ያዢ። ሁለቱን የቀላቀለ ሰብሳቢ ኋላ መለየት ይቸግረዋል።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ከሰኞ ገበያ የገዛኋቸው ስስ የውሃ ብርጭቆዎች አሉኝ። ቀለማቸው ወርቅማ ነው፤ ከአንደኛው ሥር የላቲን ፊደላት ይታያሉ። ነጋዴው «የአሜሪካ» ብሎኛል።

መልስ፦ ፎቶውን ሳይ ደስ አለኝ። ፊደላቱ «ጄይን» ተብለው ይነበባሉ። ይህ በሕንድ፣ በፊሮዛባድ ከተማ የነበረ የመስታወት ፋብሪካ ስም ነው። ፊሮዛባድ በብርጭቆ አምባር ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። አሁን ብርጭቆውን አንሣና በመስኮት ብርሃን እየው። ከአሜሪካው ይልቅ ቀለል ያለና ስስ ነው። የጌጡ ቅጠሎች የሚያብረቀርቁ ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ቦታ ጭጋጋማ ሆኖ ጣት ሲነካው ሻካራ ነው። የሚያብረቀርቀውንና ጭጋጋማውን ማፈራረቅ የሕንዶቹ የተወደደ አሠራር ነበር። ፊደል የሌላቸውን ጓደኞቹን ግን፣ አብረው ስለተገዙ ብቻ «ጄይን» አትበላቸው፤ ጌጣቸው፣ ክብደታቸውና መቀመጫቸው ከባለ ፊደሉ ጋር መግጠም አለበት። ባቲ መገኘታቸው አይግረምህ፤ ከተማዋ ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻ በሚያመጣው መንገድ ላይ ናት፣ የሕንድ ነጋዴዎችም በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል። በየትኛው መንገድና በማን እጅ እንደመጡ ግን ብርጭቆው አይናገርም። ገበያ ውስጥ የቆዩ አዛውንት ነጋዴዎችን ጠይቅ፤ ከእኔ መጽሐፍት የበለጠ ያውቃሉ።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ምልክት ከሌለው አሮጌ አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም! የፌንተን የጥንት ካርኒቫል ምልክት አልነበረውም፤ ሞላላው የፌንተን ምልክት በካርኒቫሉ ላይ የመጣው በእ.ኤ.አ. 1970 ነው። «አይ» እና «ጂ» የተባሉት ፊደላት ተደራርበው ካየህ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ወዲህ የተሠራ ኢምፔሪያል ነው። በክብ ውስጥ ያለ «ኤን» ኖርዝውድን ያመለክታል፤ እሱም ቢሆን ሁሉንም ዕቃ አላተመበትም።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ልጄ ማሳ ሲቆፍር ቀስተ ደመና የሚመስል የብርጭቆ ስብርባሪ አገኘ። ካርኒቫል ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ አይመስለኝም። እርጥብ አፈር ውስጥ ዘመን የቆየ መስታወት ላዩ እየተላጠ እንዲያ ያብረቀርቃል፤ በጥፍር ሲነኩት ቅርፊቱ ይነሳል። የካርኒቫል ሽፋን ግን አይላጥም። እባክዎ አይጠቡት፣ ሌላም አይቆፍሩ። ከመሬት የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት መነገር እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይደነግጋል። ቦታውን ምልክት አድርገው ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ስብርባሪው ከተገኘበት ቦታ ከተለየ የሚነግረን ታሪክ በእጅጉ ይቀንሳል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሠራተኛዬ ሳህኔን በአመድ አሽታ ጠርዙን አደበዘዘችው። ይመለሳል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሳህኑ አልሞተም፤ የጠፋው ሽፋን ግን አይመለስም። ቀለም እናድሳለን ለሚሉ አትስጪ። ከእንግዲህ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። አመድ፣ አሸዋ፣ የብረት ሽቦና በረኪና አይንኩት። የፈላ ሻይም አይቀዳበት፤ አሮጌ መስታወት ድንገተኛ ሙቀት አይችልም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የእኔ ሳህን ጥቁር ነው። ጥቁር ካርኒቫል አለ?

መልስ፦ ሽፋኑን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን መስታወት ተመልከት። ሽፋን ያልነካውን መቀመጫ በጠንካራ ብርሃን ፊት ያዘው። ብዙ ጊዜ ጥቁር የተባለው ጥልቅ ሐምራዊ ሆኖ ይገኛል። ማሪጎልድ የሚባለው ብርቱካናማ ሽፋን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ መስታወት ላይ የተረጨ ነው፤ እጅግ የተለመደውም እሱ ነው። መስታወቱ ራሱ እውነተኛ ቀይ ከሆነ ግን ብርቅ ነውና አደራ፣ በቸኮለ ዋጋ አትሽጠው።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ የሠራውን ካላወቅሁ መዝገቤ ላይ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «የተጨማደደ ጠርዝ ያለው ሳህን፤ ንጹሕ መስታወት፣ ማሪጎልድ ሽፋን፤ ምልክት የለውም፤ ከወልድያ ቤተሰብ የተገዛ፤ ሠሪው አልታወቀም።» ስፋቱን በሴንቲሜትር፣ ክብደቱን በግራም ጨምር፤ መቀመጫውንም ከሥር ፎቶ አንሣ። ፋብሪካዎቹን ለመለየት ከፊት ገጽታው ይልቅ የጀርባው ጌጥና የመቀመጫው ቅርጽ ይጠቅማልና፣ ለእኔ ስትልክ መጀመሪያ እሱን ላክልኝ።