«አግዙኝ» ማለት ካቆምኩ በኋላ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አምና ጓሮሽን ብቻሽን ቆፍረሽ፣ ብቻሽን ተክለሽ፣ ብቻሽን ስታጠጪ ከርመሽ ጁላይ ላይ አረም ዋጠው። ባለቤትሽ «ለሁለት ዶላር ጎመን ወገብሽን አትቁረጪ» ይልሻል። ልጆቹ ከስልካቸው ቀና አይሉም። አማትሽ መሥራት ይወዳሉ፣ ግን ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል። የአምስት ዓመቱ ትንሹ ደግሞ የተከልሽውን እየነቀለ ያመጣልሻል። «ዘንድሮ እንዴት አድርጌ ላስተባብራቸው? ወይስ ሣር ዘርቼበት ልረፍ?» ነው ያልሽው።

ሣሩን ለጊዜው ተዪው። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ጓሮ ስሠራ ይሄ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ልክ እንዳንቺ ብቻዬን ነበርኩ። እንዲያውም ካንቺ እብስ ነበር፣ እየሠራሁ አኮርፋለሁ። ዶማው ሳሎን ድረስ እንዲሰማ ሆን ብዬ ድንጋይ ድንጋዩን እመታ ነበር። ማንም አልሰማም። ጎረቤት ብቻ ወጥቶ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እየተባልን ነው ያደግነው። ሎሚውን ማን እንደሚያከፋፍል ግን ተረቱ አይነግረንም። የኔ ስህተት እዚያ ላይ ነበር። «ነዪ አግዢኝ»፣ «ና እስኪ ያዝልኝ» ነበር የምለው። እንዲህ ሲባል ጓሮው የእናት ነው ማለት ነው። ልጅ ለሌላ ሰው ሥራ አሥር ደቂቃ ይቆማል፣ ከዚያ ሽንት ቤት ብሎ ይጠፋል። ትልቅ ሰውም ያው ነው፣ ሰበቡ ብቻ ይለያል።

የተቀየረው በብልሃቴ አይደለም፣ በጠብ ነው። በሦስተኛው ዓመት ማርች ላይ አማቴ ከደብረ ብርሃን መጡ። ገና በሳምንታቸው ከልጃቸው ጋር በጎመን ተጣሉ። ባለቤቴ ሜትር ይዞ፣ ገመድ ወጥሮ፣ በመስመር ካልተተከለ ይላል። እሳቸው ደግሞ «ጎመን በሜትር ሲዘራ የት አየህ? በትነህ በኋላ ታሳሳለህ እንጂ!» አሉ። ሁለቱም አይበገሩም። እኔ ነገር ለማብረድ ብዬ መደቡ መሃል ላይ ገመድ ጣልኩና «ይሄ የእርስዎ፣ ይሄ ያንተ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዪ! አማቴ ጠዋት ተነስተው መጀመሪያ የሚያዩት የልጃቸውን ጎን ነው። እሱም ከሥራ ሲመለስ የሳቸውን። አንዱ ሲያጠጣ ሌላው ያጠጣል። የአማቴ ቶሎ ደረሰ፣ ወፍራም ምንጣፍ ሆኖ በቀለ። ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ እያሳሱ የነቀሉትን ለጋ ጎመን በላን። የባለቤቴ ዘገየ፣ ጁን ላይ ግን ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ሰፋ። እስከ ዛሬ ሁለቱም አሸናፊው እኔ ነኝ ይላሉ። እኔ ግን የሰውነት ሕመም ሳልሰማ ጎመን በላሁ፣ ትርፌ ያ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። እርዳታ አትጠይቂ፣ ድርሻ ስጪ። ድርሻ ስልሽ ሥራ ማከፋፈል አይደለም። «አንተ ታጠጣለህ፣ አንቺ ታርሚያለሽ» ማለት አሁንም ያንቺ ሠራተኛ ማድረግ ነው። መሬቱን ስጪ። ምን እንደሚተክልበት ራሱ ይምረጥ። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ፣ ሲያበላሽ ዝም በይ።

ዝም ማለቱ ለኔ በጣም ከብዶኝ ነበር። ትልቁ ልጄ ያኔ 13 ዓመቱ ነው። ጎመን አይወድም፣ ቃሪያ ግን ከሁሉም ነገር ጋር ይበላል፣ ከፒዛም ጋር ሳይቀር። ቃሪያ መረጠ። ፌብሯሪ መጨረሻ ላይ ቤት ውስጥ ዘራው፣ ሙቀት ስለሚፈልግ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠው። 24 ችግኝ አደረሰ። ሜይ ላይ አንድ ቀን ፀሐይዋ ስትደምቅ ከትምህርት ቤት መጥቶ ሁሉንም በአንዴ አውጥቶ ተከላቸው። መስኮት ሥር ያደገ ችግኝ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ቀስ በቀስ ውጪውን መልመድ አለበት። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ትንሽ ፀሐይ። ይሄን አውቃለሁ። አንዴ ነግሬዋለሁም። በመስኮት እያየሁት ምላሴን ነከስኩ። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ወረቀት መሰለ፣ ከ24ቱ 6 ተረፉ። ልጁ ምንም አላለም። ቅዳሜ በራሱ ገንዘብ ሌላ ስድስት ችግኝ ገዝቶ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት ችግኞቹን በትሪ እያወጣ ሲያስገባ ጊዜ የሚቆጥረው በስልኩ ነበር። ያ የምንጠላው ስልክ!

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ስለ ጎመን ዋጋ አትከራከሪው። እውነቱን ነው፣ የመጀመሪያው ዓመት ጓሮ አያተርፍም። ይልቅ የሚለካና የሚሠራ ነገር ስጪው። የኔው ሰውዬ አትክልት ሳይሆን መደብ መሥራት ነው የሚወደው። እዚህ አካባቢ አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው፤ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ጡብ። ስለዚህ በእንጨት ፍሬም ከፍ ያለ መደብ ሠራን። ወርዱ ከ4 ጫማ አይብለጥ፣ ከሁለቱም በኩል እጅ መሃሉ ድረስ እንዲደርስ። ለልጆች 3 ጫማ ይበቃል። አፈሩን ሲገዛ «ስምንት ከረጢት ይበቃል» ብሎ ነበር። ስምንቱ ተዘርግተው መደቡ ሥር ላይ እንደ ጠፍጣፋ ቂጣ ተኙ። 4 በ8 ጫማ ሆኖ 10 ኢንች ጥልቀት ያለው መደብ ወደ 27 ኪዩቢክ ጫማ አፈር ይውጣል። ከረጢቱ አንድ ተኩል ኪዩቢክ ጫማ ከሆነ 18 ከረጢት ነው። ይሄን ሂሳብ ለባለቤትሽ ስጪውና ዞር በይ፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ግን ሳይረሳ። ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ግድግዳው ሥር ያለው አፈር ከድሮው ቀለም የተራገፈ ሊድ (መርዛማው እርሳስ) ሊኖረው ይችላል። ትንሽ ልጅ ስላለሽ አፈሩን ሳታስመረምሪ እዚያ አትትከሉ።

ማጠጣቱን ማን ይያዘው ላልሽው፣ ቀድሞ ደጅ ላይ የሚገኘው ሰው ይያዘው። ባለቤቴ ሌሊት ስለሚሠራ ቤት የሚደርሰው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ለአትክልት ደግሞ ከጠዋት የተሻለ የማጠጫ ሰዓት የለም። ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ ይደርቃል፣ በሽታ አይለምድበትም። «አጠጣ» ብዬው አላውቅም። የውሃውን ጎማ መኪና ከሚያቆምበት ቦታ አጠገብ አዛወርኩት፣ በቃ።

አማትሽን በጣም አስቢባቸው። ጉልበት ለሚያመው ሰው መሬት ላይ ጎንበስ ማለት ቅጣት ነው። ግን «እርስዎ ይረፉ» ማለትም ሌላ ቅጣት ነው፣ በተለይ ዕድሜ ልኩን ሲሠራ ለኖረ ሰው። ለአማቴ 24 ኢንች ከፍታ ያለው ትንሽ መደብ ሠራንላቸው፣ ጠርዙ ሰፊ ጣውላ ስለሆነ ተቀምጠውበት ይሠራሉ። በሶብላና ጤና አዳም እዚያ ነው ያለው። ችግኝ ከትንሹ ዕቃ ወደ ትልቁ ማዛወር ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው፣ እሱን ከሳቸው የሚወስድ የለም። ብርድ ሲሆን ችግኙ እንደ እንግዳ ሳሎን ይገባል።

ዘር ከአገር ቤት ላስመጣ ወይ ብለሽም ነበር። ተዪው። የሚዘራ ዘር ወደ አሜሪካ ለማስገባት የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጠይቃል። አማቴ በመሐረብ ቋጥረው ያመጡት የጎመን ዘር ኤርፖርት ላይ ቀረ፣ ለሁለት ቀን እንደ ለቅሶ ቤት ሆንን። እዚሁ ከሚያበቅል ሰው ለምኚ። ከዚያ ሁለት እግር ጎመን ሳትቀነጥሺ አበባ እስኪያወጣ፣ ዘሩም እስኪደርቅ ብትተዪ ለጎረቤት የሚተርፍ ዘር ይኖርሻል።

አሁን ስለ ቀኑ። እኛ ዘንድ ችግሩ የፀደይ ሥራ ሁዳዴ ላይ መውደቁ ነው። ለምሳሌ በ2026 ፋሲካ ኤፕሪል 12 ነው፣ ማርች እንዳለ ጾም ነው ማለት ነው። ጾመኛ ሰው በባዶ ሆዱ ዶማ አታስይዢ፣ ጸብ ነው የምታበቅዪው። እኛ ቁፋሮውን ኖቬምበር ላይ እንጨርሰዋለን። ማርች አጋማሽ ላይ የሚቀረው ቀላሉ ነው፤ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ አተርና ድንች። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከተበላ በኋላ፣ 40 ደቂቃ ብቻ። ሰዓቱ ሲሞላ መሃል ላይም ቢሆን እናቆማለን። ልጆቼ የሚያምኑኝ በዚህ ነው፣ 40 ካልኩ 40 ነው። ካሮትና ቀይ ሥር ኤፕሪል ላይ ይዘራሉ። ቃሪያና ቲማቲም ከእናቶች ቀን (የሜይ ሁለተኛ እሑድ) በፊት ውጪ አላሳድርም። ኤፕሪል ላይ ሞቀ ብለሽ ከተከልሽ አንድ ሌሊት ውርጭ ይመጣና ሁሉንም ያጠቁረዋል።

ደግሞ ምግብ። አገር ቤት ደቦ ሲጠራ ጠላው ተጠምቆ፣ እንጀራው ተጋግሮ ነው። ሰው የሚመጣው ለጉልበት ብቻ አይደለም። እኔ ጋ ሥራው ሲያልቅ ሽሮው ይንተከተካል፣ ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ጨጨብሳ። ትልቁ ልጄ የሚወጣው ለዚህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልቀየምም።

መካከለኛዋ ልጄ የጎመን ዘበኛ ናት። ነጯን ቢራቢሮ ታውቂያታለሽ? ቅጠሉ ሥር አንድ አንድ እያደረገች ቢጫ እንቁላል ትጥላለች፣ ከዚያ አረንጓዴው ትል ይወጣና ጎመኑን ወንፊት ያደርገዋል። ለአንድ ትል 5 ሳንቲም እከፍላታለሁ። አንድ ሳምንት 4 ዶላር ከ35 ሳንቲም ጠየቀችኝ። ቆጠርኩ፣ ልክ ናት። በማግስቱ መረብ ገዝቼ መደቡን ሸፈንኩት። ገቢዋ ስለቆመ ለጥቂት ቀን አኮረፈችኝ።

ሁሉም ሰው ተከፋፍሎ አለቀ ብዬ አልዋሽሽም። አረም የሚወስድ አልተገኘም። እሱ የኔ ነው። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ሩብ ሰዓት እነቅላለሁ፣ ዝምታው ራሱ ስለሚጥመኝ ማንንም አልጠራም። ዛፉ ሲረግፍ የተጠረገውን ቅጠል አስቀምጬ መደቡን እጎዘጉዘዋለሁ፣ ግማሹ አረም እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ያንቺ ጓሮ ጁላይ ላይ የተዋጠው ደግሞ ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም፣ ለአንድ ሰው ስለበዛ ነው። ስድስት መደብ ብለሻል! ዘንድሮ ሁለት ክፈቺ፣ የቀረውን በካርቶን ሸፍነሽ ቅጠል ጫኚበት። ሰው ድርሻ ሲጠይቅሽ ትከፍቺለታለሽ።

ጥንቸልና አጋዘን ራሱን የቻለ ጉድ ነው፣ ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ። ለጊዜው ለጥንቸል ከ2 ጫማ ያላነሰ የዶሮ ሽቦ፣ ሥሩ አፈር ውስጥ ገብቶ።

ትንሹ የሚነቅለውን ነገር ልመልስልሽ። እንዳይነቅል አትከልክዪው፣ የሚነቅለው ስጪው። ራዲሽ የምትባለውን ሥሯ የሚበላ ትንሽ አትክልት ዝሪለት። ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል፣ ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ መጠበቅ ዘላለም ነው። የኔዋ በዚያ ዕድሜዋ 20 ፍሬ ዘርታ፣ አደገ አላደገ ለማየት በየቀኑ አንድ አንድ እየነቀለች መልሳ ትቀብር ነበር። አማቴ «እንደ ሬሳ አታውጪያት!» እያሉ ይስቁ ነበር። በመጨረሻ አንዷ ብቻ ተረፈች፣ ጥግ ላይ የተረሳችው። እሷን ለአምስት ቆራርጠን በጨው በላናት።