ቁጭ ብላ ያየችው ድመት፦ ስለ እይታ ጠይቁኝ

ሥራዬ የዓይን ምርመራ ነው። የመነጽር ቁጥር ጥያቄ ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ የምናወራው ልምዳችንና የራሳችን እንቅስቃሴ የምናየውን እንዴት እንደሚለውጡት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ዓይኔን ሳዟዙር ቤቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ግን ቤቱ ይወዛወዛል። ለምን?

መልስ፦ ሄልምሆልትዝ የሚባለው ጀርመናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈበት ጉዳይ ነው። አንጎል ዓይንን «ዙር» ብሎ ሲያዝ የትዕዛዙን ቅጂ ለራሱ ያስቀራል። ምስሉ ሲንሸራተት «ይሄማ እኔው ያመጣሁት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጣት ሲገፋ ግን የወጣ ትዕዛዝ የለም። ስለዚህ የተንቀሳቀሰው ቤቱ ነው ይላል። የምትሞክሩ በዓይን ቆባችሁ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ። አደራ!

ጥያቄ፦ የ8 ወር ልጄን ሁሌ በጋሪ ነው የማዞራት። ማየቱ ብቻ አይበቃትም?

መልስ፦ በ1963 አሜሪካ ውስጥ ሪቻርድ ሄልድና አላን ሃይን የድመት ግልገሎችን በጨለማ አሳደጉ። ከዚያ ጥንድ ጥንድ አድርገው ከአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ጋር አሰሯቸው። ብርሃን የሚያዩት በየቀኑ ለ3 ሰዓት ያህል፣ እዚያው ላይ ነው። አንዷ በእግሯ ትዞራለች። ሌላዋ ሣጥን ውስጥ ቁጭ ብላ በጓደኛዋ ጉልበት ትዞራለች። የሚያዩት ግድግዳ አንድ ነው። ውጤቱ ግን ለየቅል ሆነ። በእግሯ የዞረችው፣ በመስታወት የተሸፈነ ገደል ስታይ ወደ ጥልቁ በኩል አትወርድም። የተቀመጠችው ጥልቁን ከቅርቡ አትለይም። እጅ ወደ ፊቷ ሲመጣ እንኳ ዓይኗን አታርገበግብም። ደግነቱ፣ ብርሃን ያለበት ክፍል ውስጥ 2 ቀን ሲለቋት አገገመች። እና እህቴ፣ ጋሪው ችግር የለውም፤ ድመቷ እኮ ታስራ ነበር። ልጅሽ ስትድህና ዕቃ ስትጎትት ብቻ አትከልክያት።

ጥያቄ፦ ፎቶ ላይ ያለ ጉድጓድ፣ ፎቶውን ስገለብጠው ጉብታ ሆነብኝ። ዓይኔ ታሞ ይሆን?

መልስ፦ ኧረ ደህና ነህ! ዕድሜህን ሙሉ ብርሃን ከላይ ነው የመጣልህ። አንጎልህ ጥላውን በዚያው ልማድ ያነበዋል፦ ጥላው ከላይ በኩል ሲሆን ጉድጓድ፣ ከታች በኩል ሲሆን ጉብታ ይላል።

ጥያቄ፦ ሲወለድ ጀምሮ የማያይ ሰው ቢድን፣ በእጁ የሚያውቀውን ዕቃ በዓይኑ ይለየዋል?

መልስ፦ ሞሊኖ የተባለ አየርላንዳዊ በ1688 በደብዳቤ ያነሳው ይህንኑ ነው። በ2011 የታተመ ጥናት፣ ሕንድ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ማየት የጀመሩ 5 ልጆችን ፈተነ። የዳሰሱትን ቅርጽ በዓይን ለዩ ሲባሉ ከግምት ብዙም አላለፉም። ከመካከላቸው በኋላ እንደገና የተፈተኑት ግን በጣም ተሻሽለዋል። በመካከሉ የተለየ ሥልጠና አልተሰጣቸውም። እንዲሁ እያዩ ይነኩ፣ እየነኩ ያዩ ነበር። ጥናቱ ላይ ስሙ በመጀመሪያ የተጻፈው ማን መሰላችሁ? ያው የድመቶቹ ሰውዬ፣ ሄልድ።